ስለ ጊሽጣ ቅጠል ጮክ ብዬ ያነበብኩት

ማንጎ የማልተክለው ሰው ስለሚያውቀው ነው። አቮካዶም እንደዚያው። ጉድጓድ ስቆፍር ከአጥር ወዲያ ሦስት ሰው ቆሞ «ጠቧል፣ ውኃው በዝቷል፣ በዚህ በኩል ፀሐይ አያገኝም» እያለ ሲያዘኝ አልወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያዙኝ ኖሬአለሁ፤ በግቢዬ እንኳ ይተዉኝ። ስለዚህ አቃቂ የማያውቀውን እተክላለሁ። የዛፍ ቲማቲም አለኝ። ካዝሚር የሚሉት ጣፋጭ ፍሬም አለኝ። እንጨት ተደግፎ የሚወጣ፣ ድራጎን የሚሉት ባለ እሾህ ተክልም አለኝ፤ እሱን ስተክል ሰፈሩ «ሰውዬው በስተርጅና ቁልቋል ያጠጣ ጀመር» ብሎ ስቋል። ይሳቅ። ሰው በማያውቀው ነገር ይስቃል እንጂ አያርምህም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ጊሽጣው ነው። ጊሽጣ ለማያውቅ፣ የጎልማሳ ቡጢ የሚያክል፣ ቆዳው እንደ ኤሊ ጀርባ የተከፋፈለ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ሲበስል በጣት ይፈለቀቃል፤ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በጥቁር ዘር የተሞላ። በአንድ የፍራፍሬ መጋዘን ጫኝና አውራጅ በነበርኩበት ጊዜ ከሐረርጌ የመጣ ሳጥን ከመኪና ወድቆ ተሰበረና ነጋዴው «የተጨፈለቀውን ብሉት» አለን። ሌሎቹ ቀምሰው ተፉት። እኔ አራት በላሁ። ዘሩን ኪሴ ከተትኩት።

የእኛ መሬት ጥቁር ኮትቻ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ጫማ ይዞ አይለቅም። የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ሁለት ክረምት ተከታትለው ሰጠሙብኝ፤ ሥራቸው በስብሶ እንደ ሽንኩርት ተነቀሉ። በሦስተኛው ለመንገድ የሚደፋውን፣ ቀይ አሽ የሚሉትን ጠጠር በጋሪ አስመጥቼ ጉልበት የሚደርስ ጉብታ ሠራሁና እላዩ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ደግሞ ብርዱ መጣ። በኅዳር ከወንዙ በኩል የሚነሣው ውርጭ ቅጠሉን አንድ ጧት ብቻ ከያዘው የተቀቀለ ጎመን ያስመስለዋል። አራት እንጨት ተክዬ፣ ማዳበሪያ ሰፍቼ አለበስኩት። ባለቤቴ «ወልደህ የማታውቀውን ልጅ ያህል አዘልከው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

ዛፉ አደገ፣ አበበ፣ አበባው ረገፈ። በሚቀጥለው ዓመትም አበበ፣ ረገፈ። ሦስት ዓመት እንደዚህ አላገጠብኝ። መልሱን ያገኘሁት ከወረቀት ነው፤ ስለ ወረቀት ደግሞ ትንሽ መናገር አለብኝ።

እስከ አርባ ስድስት ዓመቴ ፊደል አልለይም ነበር። የሚያነቡልኝ ሌሎች ናቸው። የሚያነብልህ ሰው ደግሞ የሚፈልገውን ነው የሚያነብልህ። አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀት ይዞ መጣ። «የዓመት ዕረፍትህ ነው፣ እዚህ ጋ አሻራህን አድርግ» አለኝ። አደረግሁ። ዕረፍቴን ጨርሼ ስመለስ በር ላይ ያለው ጥበቃ አላስገባም አለኝ። ለካ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ነው አሻራ ያደረግሁበት። በዚያው ወር ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በሚሰጠው የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ከቤት ሠራተኞችና ከዘበኞች ጋር፣ ጉልበቴ በማይገባበት የልጅ ዴስክ ላይ ተቀምጬ «ሀ ሁ» አልኩ።

ያኔ ስለ ወረቀት አንድ ነገር አመንኩ። የዋሸኝ ኃላፊው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱማ እውነቱን ይዞ ዝም ብሎ ነበር፤ ማንበብ ብችል ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አፍ ይዋሻል፣ የተጻፈ አይዋሽም አልኩ። ይቺን ሐሳብ ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ሞኝነት የደረስኩባት ናት። ከድሮ ጀምሮ የሚያነብ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ወረቀት ስንት ውሸት እንደሚሸከም በልጅነቱ ያውቀዋል።

ከችግኝ ጣቢያ ያገኘሁት የተባዛ ጽሑፍ ደግሞ ይህን እምነቴን አጸናው። የጊሽጣ አበባ ጧት ሴት ነው፣ በማግስቱ አመሻሽ ወንድ ይሆናል፣ በእኛ አገር ሁለቱን የሚያገናኝ ነፍሳት ስለሌለ ሰው ራሱ ያገናኘው ይላል። እንዳለው አደረግሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዱቄቱን ከወንዱ አበባ አራግፌ በክብሪት ቀፎ እይዛለሁ፤ ጧት በዶሮ ላባ ሴቷን እቀባለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ፍሬ ያዘች። በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ። ወረቀት አልዋሸኝም።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ መሰላል ወጥቼ ሳለሁ ነው ጎረቤቴ ከቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ዓይኗን ሰክታ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነው ወይስ ጠለፋ ነው?» ያለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ለአንድ ሳምንት በዚህ ሳቀ።

ይህች ሴት የሾፌር ሚስት ናት። ባሏ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና ይነዳል፤ በወር አንዴ፣ ሁለቴ ነው ቤቱ የሚያድረው። ከወሎ መጥተው አጠገባችን ቤት ከሠሩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አርባ ዓመት ገደማ ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። የምወዳት ግን በዚያ ምላሷ ነው፤ ሌላው ከኋላዬ የሚለውን እሷ ፊቴ ላይ ትለዋለች።

በነሐሴ አጋማሽ የታሰረ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ጠያቂዎች ስንቃቸውን ይዘው በሚሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ከሻይ ቤቶቹ መካከል፣ የባህል መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ከጠርሙሶቹ ጎን ወረቀት ደርድሯል። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር አይቼ አላልፍም፤ የስሚንቶ ከረጢት እንኳ ዳር እስከ ዳር አነባለሁ። ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ «ጊሽጣ» የሚል ቃል አየሁ። የእኔ ዛፍ! አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ምስር ትለቅማለች። የሾፌሩ ሚስት ወንፊት ልትመልስ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። መነጽሬን አደረግሁና ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ለምን ጮክ አልኩ? እንዲሰሙኝ ነዋ። «የጊሽጣ ቅጠል ለማንኛውም ዓይነት ዕጢ ፍቱን ነው። ሰባት ቅጠል በሦስት ስኒ ውኃ አፍልቶ በባዶ ሆድ መጠጣት። በአርባ ቀን ዕጢው ይሟሽሻል። ቢላ አያስፈልግም። ቢላ የነካው ዕጢ በመላ ሰውነት ይዛመታል።»

ስጨርስ ባለቤቴ ቀና አላለችም። የሾፌሩ ሚስት ግን «እስቲ ይድገሙልኝ» አለች።

ደገምኩላት። «ሰባት ነው ያሉት?» አለች። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጽሑፉ ነው» አልኳት። ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሕይወቴ አንድ ሰው «ድገመው» ብሎ ሲያስነብበኝ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷን ብመለከት ኖሮ ሌላ ነገር አይ ነበር። እኔ የማየው ወረቀቱን ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅጠል መጠየቅ ጀመረች። «ለጨጓራዬ ነው» ትለኛለች። ሰባት ሰባት እያልኩ እሰጣታለሁ፣ ከታችኛው ቅርንጫፍ፣ ያረጀውን እየመረጥኩ። እንደዚያም ሆኖ ስቆርጥ ያመኛል። አሥራ አንዱን ፍሬ ከወፍና ከሰፈር ልጆች ለመጠበቅ አንድ በአንድ በላስቲክ ከረጢት አስሬአቸዋለሁ። ስስታም ይሉኛል። ነኝ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከእነሱ ቤት መጣችና በሩን ዘግታ ቆመች። በሩን ስትዘጋ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልነግርህ ነው፤ ግን ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ። እኔም ለእሷ ምዬላታለሁ።»

ማልኩ። ነገሩ ይህ ነው። የሾፌሩ ሚስት ጡቷ ላይ እብጠት አለ። ሐምሌ ላይ ሆስፒታል ሄዳ ናሙና ወስደው ክፉው ነገር ነው፣ ቶሎ ይውጣ ብለዋታል። ለነሐሴ መጨረሻ ቀጠሮ ሰጥተዋት ቀረች። ባሏ አያውቅም፤ ለእሱም ጨጓራ ነው ያለችው። አሁን ከሆስፒታሉ ደውለው፣ የፊታችን ሐሙስ ካልመጣሽ ወረፋሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለዋታል።

«ታዲያ አትሄድም?»

«አልሄድም ብላለች። ቢላ ከነካው ይዛመታል አለች። ከየት አመጣሽው ስላት፣ ጋሼ ከወረቀት አንብበውልኝ አለችኝ።»

ወዲያው ያልኩት ምን መሰላችሁ? «እኔ ምን አጠፋሁ? የተጻፈውን ነው ያነበብኩት» ነው ያልኩት።

«ማነው የጻፈው?» አለች ባለቤቴ። እሷ እስከ ዛሬ ፊደል አልቆጠረችም።

አሥር ዓመት ሙሉ ሳነብ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

እሑድ ጧት ወደ ቃሊቲ ሄድኩ። የጠያቂው ሰልፍ ረጅም ነበር። መድኃኒት ሻጩ ጠርሙሶቹን በጨርቅ እየወለወለ ነው። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ይህን! የጊሽጣውን!»

ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ። አርባ ስድስት ዓመት እኔም ወረቀት እንደዚያ ነበር የምይዘው፤ ከላዩ የቱ ከታቹ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ።

«አንተ፣ ማንበብ አትችልም?»

«ዓይኔ ደከመ እንጂ...»

«አትችልም!»

«እሺ አልችልም። ምን ይጠበስ? ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ስነግራት ልጅቷ ጻፈችልኝ፣ አባዛችልኝ።»

«ለአንተስ ማን ነገረህ?»

«ሰው ነዋ፣ ጋሼ። ሰው ሲያወራ ሰምቼ። ስለ ቢላው ደግሞ ሁሉም የሚለው ነው። ለምን ይቆጡኛል? ቅጠል ሰው አይገድልም።»

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር፤ ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች «ኧረ በሕግ!» ብለው ጮኹ። ትቼው ተመለስኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ወረቀቱን ይዤ ሳየው ፊደሉ ያው ቀጥ ያለ፣ ያማረ ፊደል ነው። ሥሩ ግን የዚያ ሰውዬ አፍ ነው። የሰማውን አውርቶ፣ ወሬው በማሽን አልፎ፣ በእኔ አንደበት ተነብቦ፣ አንዲት ሴት ጆሮ ገባ። እኔም እንደ መጋዘኑ ኃላፊ አንባቢ ሆኛለሁ ማለት ነው። እሱ እያወቀ፣ እኔ ሳላውቅ።

በቀጥታ ወደ እሷ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ስሚ፣ ያ ወረቀት ውሸት ነው። ቅጠሉን ተይው፣ ሐሙስ ሂጂ» አልኳት። እንደዚህ ነው የማወራው፤ ማለዘብ አልችልበትም።

ልብሱን እንደያዘች ቀረች። ሚስጥሯን ማወቄ መጀመሪያ አናደዳት፤ ከዚያ ሌላ ነገር በፊቷ አለፈ።

«አሃ! ገባኝ። ቅጠሉ ሳሳብዎት።»

«ምን?»

«ዛፍዎ እንዳይጎዳ ነዋ! ሰባት ቅጠል ሲሰጡኝ ያረጀውን እንዴት እንደሚመርጡ አላየሁም መሰለዎት? ፍሬዎን እንደ ሙሽራ ሸፍነው የሚያሳድሩ ሰው! የዘሩንም ዱቄት ለምኜዎት ከልክለውኛል።»

«ዘሩ መርዝ ነው!»

«ይሄም ከወረቀት ነው?» አለች። ከዚያ አንቱታውን ጣለችው። «አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ነፍስ ካንተ ቅጠል አነሰችብህ? ውጣልኝ ከደጄ! ወላሂ፣ ሌላ ቦታ ፈልጌ እገዛለሁ።»

ወጣሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

ሰኞ ባለቤቴ ሄዳ ለመነቻት፤ እሷንም «ባልሽ ቅጠሉን አስጥያት ብሎሽ ነው» ብላ መለሰቻት። ባሏ ጋ ልደውል ስልኩን አነሣሁ፤ ባለቤቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ምለሃል። በመንገድ ላይ ያለ ሰው፣ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ እየነዳ፣ ይህን ሰምቶ ገደል ይግባልህ?» ማክሰኞ የሷ ትልቋ ልጅ ከሱቅ ስትመለስ መንገድ ላይ አይታኝ ሰላምታ ሳትሰጠኝ አለፈች። ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሌላ ሰው ቢሆን ታምነው ነበር። ሰፈር ውስጥ ለሰው አዝኖ የማያውቅ፣ ለጎረቤት አንዲት ፍሬ ያላቀመሰ ሰው መጥቶ «ቅጠሌን ተይ» ሲላት ምን ትበል? እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምነኝም።

ረቡዕ ማለዳ መሰላሉን አቆምኩ።

የጊሽጣ ቅጠል ሲጎተት በቀላሉ ይለቃል፤ ሰፊ ነው፣ ከሥሩ ለስላሳ ፀጉር አለው። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁ። በጥቅምት ቅጠሉን የተገፈፈ ጊሽጣ ተደናግጦ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ያን ቀንበጥ ደግሞ የኅዳር ውርጭ ይጠብሰዋል። ፍሬውም ያለ ቅጠል አይሞላም፤ ጠቁሮ ይወድቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ዛፍ ነው። እጄ ዘጠነኛው፣ አሥረኛው ቅርንጫፍ ላይ ቆም ሲል ራሴን እየሰደብኩ ቀጠልኩ። ባለቤቴ ከቤት ወጥታ አየችኝ። ማዳበሪያውን ከፍታ ከሥር ያዘችልኝ።

ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ሁለቱንም ጎትቼ የሾፌሩ ሚስት በር ላይ ጣልኳቸው። በድምፁ ወጣች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቅጠል ነው። ያለኝ በሙሉ።»

ማዳበሪያውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየች። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዳ በዚያች በቀዳዳዋ ተመለከተች። ዛፉ አጽሙ ብቻ ቆሟል፤ አሥራ አንድ የላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሎበት።

«ያ አላህ! አብደዋል እንዴ?» አለች። አንቱታው ተመልሷል።

«ስስታም ብለሽኛል። ስስታም ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ፍሬ ስትይዝልኝ ከቤት ኋላ ተደብቄ ለብቻዬ ነው የበላኋት፤ ለሚስቴ እንኳ አላቀመስኩም።»

ከኋላዬ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። «ምን አልክ? ወፍ በላት አላልከኝም?»

«ቆይ አንቺ፣ በኋላ!» አልኩና ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «ቅጠል ሰስቼ እንዳልሆነ ይኸው አየሽ። ከፈለግሽ እስክትሞቺ ጠጪው። አሁን ግን የምልሽን ስሚኝ። ያን ወረቀት ያጻፈው ሰው ፊደል አይለይም፤ መንገድ ላይ የሰማውን ነው ያጻፈው። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ያነበብኩልሽ ማንበብ መቻሌን ሰው እንዲሰማልኝ ነው። ለሌላ አይደለም። ስለ በሽታ የማውቀው ነገር የለም። ምንም።»

ይህን ስል ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያዩኛል፤ ከወዲያ ማዶ ሱቁን የሚከፍተው ሰውዬም ጆሮውን ጥሏል። በዚህ ሰፈር «እሱ እንኳ ያነባል» የሚባል ስም ነበረኝ። ሌላ ስም የለኝም።

«ቢላ ከነካው ይዛመታል የሚለውስ?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ።

«አላውቅም። ሐኪሙን ጠይቂው። እኔና እሷ አብረንሽ እንሄዳለን።»

ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

«አርባ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል» አለች። «ሐምሌ ላይ ለውዝ ነበር። አሁን ሎሚ ሆኗል።»

«ታዲያ ለምን ትጠጫለሽ?»

«ሌላ ምን ልጠጣ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ የምሠራው ነገር ስላልነበረ ወደ ቤቴ ገባሁ። ትመጣለች አትመጣም፣ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቆማለች። የፋብሪካ ሠራተኛ በጫነ ሚኒባስ ተጋፍተን ሦስታችንም ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ልጅ ናት። ስትመረምራት እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ቆምኩ፤ ስትጨርስ ሁላችንንም አስቀመጠችን። ጎረቤቴ ወዲያው ያን ጥያቄ ጠየቀች። «ቢላ ሲነካው ይዛመታል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አይደለም። ሲቆይ ነው የሚዛመተው» አለች ሐኪሟ። «አሁንም ማውጣት ይቻላል፤ ግን ቆይቷል። ሰኞ እንሠራልሻለን። ሁለት ወር የት ነበርሽ?»

መሬት መሬት አየሁ። እኔ ለሰው ሁሉ ጥፋቱን ፊቱ ላይ የምናገር ሰው ነኝ።

«ለቅሶ ነበረብኝ» አለች የሾፌሩ ሚስት።

ሐኪሟ ጻፈች። እኔ ዝም አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ወደ እኔ ዞረች። «ለእርስዎ ብዬ የዋሸሁ እንዳይመስልዎት። በቅጠል ተሞኘች እንዳትለኝ ነው። ለባሌም እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

በዚያው ቀን ደወለችለት። እሑድ ማታ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ ገባ። ሰኞ ጧት እሷን ወደ ውስጥ ሲያስገቧት ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ቤት ቀረች፤ እኔና ሾፌሩ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። መጀመሪያ እጄን ይዞ አመሰገነኝ፤ ይዘዋት ባይሄዱ ኖሮ አለኝ፣ እንደ አባት ነዎት አለኝ። እጄን ልነጥቀው ፈለግሁ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ ጋሼ» አለ። «ነሐሴ ላይ ቀጠሮ ነበራት አሉ። ምንድነው ያስቀራት? ስጠይቃት ፈርቼ ነው ትለኛለች። እሷ ፈሪ አይደለችም፤ አውቃታለሁ።»

እሷ ሳትነግረው ቀርታለች። ዝም ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ሐሙስ አንዴ ዝም ብያለሁ፤ ሁለተኛ ግን አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ሦስት ጊዜ እንዳነበብኩላት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ተገፈፈው ዛፍ አልነገርኩትም፤ ምን ልሁን ብዬ?

እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ተነሥቶ በደረጃው ወረደ። ቀርቷል ብዬ ነበር። ሲመለስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዟል፤ አንድ ብቻ። ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በሩን እያየ ጠጣ። እኔም በሩን አየሁ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላውቅም።

በመጨረሻ ነርሷ ብቅ አለች፤ የታማሚዋን ስም ጠራችና «ደህና ወጥታለች፣ ነቅታለች። ቤተሰብ ማነው?» አለች።

ሁለታችንም ተነሣን። እሱ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ተቀመጥኩ።